የጥንቃቄ ጉድለት በፍርድ ቤት የሚመዘንበት መንገድ፤ በአዊ የፈረስ ልማድ ምሳሌነት

በአዊ ምድር፥ ከዳንግላ እስከ እንጅባራ፥ ፈረስ የእርሻና የጭነት ረዳት፥ የሠርግና የለቅሶም ክብር ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበርም የዐድዋን ድል በማሰብ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በግልቢያና በጉግስ በዓሉን ያከብራል። ፈረስ በበዛበት አገር ግን ፈረስ የሚያደርሰው ጉዳት አይቀርም። እንግዲህ ሰው በተጎዳ ጊዜ ዳኛው የባለፈረሱን ጥፋተኛነት የሚመረምረው በምን ሚዛን ነው?

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2029፥ ጥፋት አስቦ በማድረግ ወይም በቸልተኝነት፥ በመሥራት ወይም መሥራት የሚገባውን በመተው ሊፈጸም እንደሚችል ይደነግጋል። በቁጥር 2030 ደግሞ መለኪያው የአስተዋይ ሰው አሠራር ነው። ስለዚህ የሚጠየቀው፥ ተከሳሹ በልቡ ምን አስቦ ነበር ተብሎ ሳይሆን፥ አስተዋይ ሰው በዚያ ቦታና በዚያ ሰዓት ቢገኝ ምን ያደርግ ነበር ተብሎ ነው። ሕጉ ሌላ ካላዘዘ በቀር የተከሳሹ ዕድሜና የአእምሮው ሁኔታ ሚዛኑን አይለውጠውም።

አንድ ሰው በገበያ ቀን ፈረሱን ሕዝብ በሚተላለፍበት መንገድ ዳር በላላ ቋጠሮ አስሮ ሄደ እንበል፤ ፈረሱም ደንብሮ አንዲት ሴት ረገጠ። አደጋው አስቀድሞ ሊታሰብ ይቻል ነበርን? ሊደርስ የሚችለው ጉዳት ምን ያህል ይከብዳል? መከላከያውስ ምን ያህል ቀላል ነበር? ፈረሱ አስቀድሞ ተራጋጭነቱ ታውቆ ከሆነ ጥፋቱ ይጐላል፤ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ስለ ተዋጊ በሬ የተነገረውም ይህንኑ የባለቤቱን ማወቅ ይመለከታል።

የአገሩ ልማድ የሚረዳው እዚህ ላይ ነው። ፈረስ ዐዋቂ ሽማግሌዎች ቢመሰክሩ፥ አስተዋይ ባለፈረስ እንዴት እንደሚያስር ያስረዳሉ። ሆኖም ልማድ ማስረጃ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ «ሁሉም እንዲህ ያስራል» ማለት ብቻውን አያድንም። ጉዳት መድረሱም ብቻውን ቸልተኝነት መኖሩን አያረጋግጥም።

ይህ ሁሉ ምርመራ ከንቱ ሊመስል ይችላል፤ በቁጥር 2071 መሠረት እንስሳው በድንገት ቢያመልጥ እንኳ ባለቤቱ ኀላፊ ነውና። ነገር ግን የጥፋት ጥያቄ በቁጥር 2074 ተመልሶ ይመጣል። ጥፋት የሌለበት ባለቤት የቤት እንስሳውን ለተጎዳው ሰው አስረክቦ ከኀላፊነቱ ሊድን ይችላል፤ ጥፋት ያለበት ግን ይህ በር ይዘጋበታል። ስለዚህ የላላው ቋጠሮ ሲመረመር የሚለየው ነገር፥ ባለፈረሱ ፈረሱን ብቻ ማጣቱ ወይም የሴቲቱን ጉዳት በሙሉ መካሡ ነው።

የጨዋታ ጊዜ ሌላ ነው። በቁጥር 2068፥ በስፖርት ጨዋታ ተጫዋችን ወይም ተመልካችን የጎዳ ሰው፥ ማታለል ወይም የጨዋታውን ደንብ በከባድ ሁኔታ መተላለፍ ከሌለበት አይጠየቅም። ጉግስም በዚህ ሥር የሚታይ ከሆነ፥ ዳኛው አስቀድሞ የጉግስን ደንብ ማወቅ ይኖርበታል። በቃል ሲወርድ የኖረውን የፈረሰኞች ሥርዓት መዝግቦ ማኖር ለባህል ጥናት ብቻ ሳይሆን ለትክክለኛ ፍርድም የሚጠቅመው ስለዚህ ነው።