የኧርነስት ጌልነር ጥያቄና መልሱ

ማዕከላዊ መንግሥት በማይደርስበት አገር ሰላም በምን ይጠበቃል? ኧርነስት ጌልነር (እ.ኤ.አ. 1925–1995) ይህን ጥያቄ ይዘው በሞሮኮ የአትላስ ተራሮች የሚኖሩትን በርበሮች አጠኑ። እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ ተቀናቃኝ ጎሣዎች በኃይል ስለሚመዛዘኑ አንዱ ሌላውን አይውጥም፤ ከወሊ ዘር የሚወለዱት ደግሞ መሣሪያ ሳያነሡ ጠበኞችን ያስታርቃሉ፣ መሐላን ያስፈጽማሉ። ሞሮኮአዊው ምሁር አብደላ ሐሙዲ ግን እ.ኤ.አ. በ1974 ታሪክን መርምረው፣ በጎሣዎቹ መካከል የሀብትና የማዕረግ ልዩነት እንደነበረ፣ ወሊዮቹም በፖለቲካና በጦርነት እንደተሳተፉ አሳዩ። የጌልነር ጥያቄ ዛሬም ሕያው ነው። መልሳቸው ግን ማኅበረሰብን ከታሪኩ ነጥሎ የሚያይ ንድፈ ሐሳብ በአስታራቂው እጅ ያለውን ሥልጣን ሊስት እንደሚችል ያስተምረናል።