ከቤት ኮምፒዩተር ጠፋ ስለሚባል ጽሑፍ

በመቱና በጎሬ እንዲሁም በሌሎቹ የኢሉባቦር ከተሞች ክረምቱ ረዥም ስለ ሆነ፣ ወረቀትን ከእርጥበትና ከሻጋታ መጠበቅ ለመዝገብ ያዥ ሁሉ የቆየ ጭንቅ ነው። ዛሬ ግን የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤም ሆነ የአጥቢያው የክርስትናና የጋብቻ መዝገብ በኮምፒዩተር ሲጻፍ ይታያል፤ ሥራው ያላለቀለትም ጸሐፊ በፍላሽ ይዞት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስለዚህ ሻጋታው ቢቀር ሌላ ጭንቅ ተተክቷል፤ ይኸውም ትናንት የተጻፈው ዛሬ ሲፈለግ መታጣቱ ነው።

ይህ የደረሰበት ሰው አስቀድሞ ይደነግጣል፤ ቀጥሎም ኮምፒዩተሩን ፎርማት አድርጎ እንደ አዲስ የሚያስነሣለት ባለሙያ ይጠራል። ከመጥፋቱ ይልቅ የሚከፋው ግን ይህ ነው። ጽሑፍ ተሰረዘ ሲባል ወዲያው አይፋቅምና፤ ኮምፒዩተሩ ስፍራውን ባዶ ነው ብሎ ይቈጥረዋል እንጂ፣ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ የቀድሞው በቦታው ይቈያል። በአዲሱ ኤስ ኤስ ዲ በሚባለው ዲስክ ግን የተሰረዘው ፈጥኖ ስለሚጸዳ ተስፋው ያነሰ ነው። በሁለቱም ቢሆን ጽሑፉ የጠፋበት ሰው ምንም አዲስ ነገር ሳይጽፍና ሳይጭን ፍለጋውን መጀመር ይገባዋል።

ሲፈለግም ብዙው አለመጥፋቱ ይገለጣል። አንዳንዱ ሪሳይክል ቢን በሚባለው የተጣለ ነገር ማከማቻ ውስጥ ይገኛል። አንዳንዱም ከፍላሽ ላይ ተከፍቶ ተመልሶ እዚያው ስለ ተቀመጠ በኮምፒዩተሩ ላይ አይታይም። ከፎቶ ኮፒ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት በፍላሽ የሚዘዋወር አንድ ዓይነት ቫይረስ ደግሞ ጽሑፉን ሳያጠፋ ይሰውረውና በስሙ ሌላ ምልክት ያቆምበታል። ባለቤቱ ያን ምልክት ሳይነካ ፍላሹን በጸረ ቫይረስ አስመርምሮ፣ የተሰወሩትን እንዲያሳይ ኮምፒዩተሩን ቢያዘው ጽሑፉን ያገኘዋል።

በአማርኛ የተጻፈው ግን የራሱ የሆነ ችግር አለበት፤ ለዚህም የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ከማንም ይልቅ ቅርብ ናቸው። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐና ብዙኃኑ ኀ በአማርኛ ንባብ አንድ ሆነው ይሰማሉ፤ ኮምፒዩተር ግን እያንዳንዱን ፊደል በተለየ ቍጥር ያውቀዋል እንጂ ድምፅ አይሰማም። ስለዚህ አንዱ ጸሐፊ «ወልደ ሥላሴ» ብሎ ያስቀመጠውን መዝገብ ባልደረባው «ወልደ ስላሴ» ብሎ ቢፈልገው የለም ይባላል። ጠንቅቆ የጻፈውን በልማድ የሚጽፈው ሊያገኘው አልቻለም ማለት ነው፤ በፊደላት ቅነሳ ላይ የተደረገው የረዥም ዘመን ክርክር እዚህ ድረስ መድረሱን ማን በገመተው ነበር!

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ከሚባለው የዓለም የፊደል ሥርዓት የገባውም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1999 ነው። ከዚህ ሥርዓት ውጭ በተሠሩ የፊደል ዓይነቶች የተጻፈ ሰነድ በሌላ ኮምፒዩተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና ልዩ ልዩ ምልክት ብቻ ሆኖ ይታያል። ተበላሽቷል ተብሎ ይጣላል፤ ነገር ግን የተጻፈበት የፊደል ዓይነት ሲጫን እንደ ቀድሞው ይነበባል። ስለዚህ በስም ከመፈለግ ይልቅ ሰነዶቹን በተጻፉበት ቀን መደርደር ይሻላል። ኮምፒዩተሩ ብዙ ጊዜ በአውሮፓ ቀን ስለሚቈጥር ሐምሌ 5 ቀን የተጻፈው ጁላይ 12 ተብሎ ይገኛል።

በእውነት የጠፋ እንደሆነ ግን ከቅጂ በቀር መድኀኒት የለውም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በኦክቶበር 2018 የወጣው የዊንዶውስ እድሳት የአንዳንድ ተጠቃሚዎችን ሰነዶች ስለ ሰረዘ፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ሥርጭቱ እንዲቆም ተደርጓል። የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት በ1970ዎቹ በማይክሮ ፊልም ሲነሡ፣ ቅጂያቸው በአዲስ አበባ ብቻ ሳይሆን በአሜሪካ በሚኔሶታ ክፍለ ሀገር ጭምር እንዲቀመጥ ሆኗል። ለመቱ ጸሐፊ እንዲህ ያለ ሩቅ አገር አያስፈልገውም፤ አንዱ በቤቱ፣ ሌላው በመሥሪያ ቤቱ ወይም በደብሩ ዕቃ ቤት ቢኖር ይበቃዋል። ከኮምፒዩተሩ ጎን ተሰክቶ የሚኖረው ፍላሽ ግን ሌባ ሲመጣ አብሮ የሚሄድ፣ መብረቅ ሲወድቅም አብሮ የሚቃጠል ስለ ሆነ እንደ ሁለተኛ ቅጂ አይቈጠርም።