መኪናው ባሕር ዳር ገባ፣ ኔትወርኩ ቻይና ቀረ

ቮልስዋገን አይዲ ሲክስ በአገራችን ከታወቁት የኤሌክትሪክ መኪኖች አንዱ ነው። ይህ መኪና ግን ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠራ ነው፤ በኩባንያው አገር በጀርመን እንኳ አይሸጥም። እኛ ዘንድ የደረሰው ነጋዴዎች ከቻይና ገዝተው ስላመጡት ነው። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ሲከለክል ደግሞ ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ ያዞረው ገዢ በዛ።

ገዢው መጀመሪያ የሚያስተውለው የስክሪኑን ቋንቋ ነው። ጽሑፉ በቻይንኛ ይመጣል፣ የስልኩ መተግበሪያ የቻይና ስልክ ቁጥር ይጠይቃል። ይህ ይለመዳል። ከበስተጀርባው ያለው ጉዳይ ግን ከባድ ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና በውስጡ ብዙ ትንንሽ ኮምፒውተሮች አሉት። አንዱ የባትሪውን ሙቀት ይጠብቃል፣ ሌላው ሞተሩን ያዛል፣ ሌላው ፍሬኑን። ሁሉም የሚሠሩት በሶፍትዌር ነው። አምራቹ ስህተት ሲያገኝ ያረመውን ሶፍትዌር ሰርቨር ላይ ያስቀምጣል፤ መኪናው በራሱ ሲም ካርድ ወይም በዋይፋይ ያወርደዋል። ፋይሉ ከአምራቹ መምጣቱን የሚያረጋግጥ ዲጂታል ፊርማ አለው፤ አንዲት ፊደል ብትለወጥ እንኳ መኪናው አይቀበለውም። በደንብ በተሠራ መኪና አዲሱ ሶፍትዌር በአሮጌው ላይ አይጻፍም። ለብቻው በተያዘ ቦታ ይጫንና ሲጠናቀቅ ይተካዋል፤ አልነሳ ካለ አሮጌው ይመለሳል። ሥራው መሃል ላይ እንዳይቋረጥም መኪናው ቆሞ፣ ባትሪውም በቂ ቻርጅ ይዞ መሆን አለበት።

እ.ኤ.አ. በ2018 ኮንሱመር ሪፖርትስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ቴስላ ሞዴል 3ን ፈትኖ ነበር። በሰዓት 96 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ፍሬን ተይዞ ለመቆም 46 ሜትር ገደማ ፈጀበት፤ ይህም ብዙ ነው። ኩባንያው በቀናት ውስጥ በኢንተርኔት ማስተካከያ ላከ፣ ርቀቱ ወደ 40 ሜትር ተኩል ወረደ። አንድም መካኒክ መኪናውን አልነካውም።

ይህን ወደ አባይ በረሃ አምጡት። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። የኤሌክትሪክ መኪና እየወረደ ሞተሩን እንደ ጄኔሬተር ተጠቅሞ ባትሪውን ይሞላል፣ ራሱንም ያዘገያል። ባትሪው ምን ያህል እንደሚቀበልና መቼ ወደ ተራው ፍሬን እንደሚያስተላልፍ የሚወስነው ሶፍትዌር ነው። በዚያ ሶፍትዌር ላይ ስህተት ቢገኝና እርማቱ ቢወጣ፣ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር የሚመላለሰው መኪና እንዴት ያገኘዋል? ሲም ካርዱ የቻይና ነው፣ በሻንሲ ቁጥሩም አምራቹ የሚያውቀው ቻይና ውስጥ እንዳለ መኪና ነው። የስልክ ሆትስፖት ማገናኘት አንዳንዱን ችግር ይፈታል፤ ሁሉንም ግን አይፈታም።

በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። «ኢንተርኔት ሲጠፋ መኪናው ይቆማል?» የሚል ሰው አለ። አይቆምም። መንዳት፣ ፍሬን መያዝና ቻርጅ ማድረግ ኔትወርክ አይሹም። ከባሕር ዳር መርዓዊ ደርሶ፣ የቆጋን የመስኖ ማሳ አይቶ መመለስ ያለ ኢንተርኔት ይቻላል። የሚቀረው የቀጥታ ካርታው፣ ከሩቅ በስልክ ማዘዙና አፕዴቱ ነው።

ግንኙነቱ የራሱ አደጋም አለው። እ.ኤ.አ. በ2015 ቻርሊ ሚለርና ክሪስ ቫላሴክ የተባሉ ተመራማሪዎች አንድን ጂፕ ቼሮኪ አውራ ጎዳና ላይ እየሄደ ሳለ በኢንተርኔት ተቆጣጥረው አሳዩ። አምራቹ 1.4 ሚሊዮን መኪኖችን ለእርማት ጠራ፤ መፍትሔውንም ለባለቤቶች በፍላሽ ዲስክ ላከላቸው።

ለእኛ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ፍላሽ ዲስክ ይመስለኛል። እርማት የግድ በአየር መምጣት የለበትም፤ የአምራቹ ፈቃድና መሣሪያ ያለው ጋራዥ በኬብል ሊጭነው ይችላል። ስለዚህ መኪና አስመጪ ፈቃድ ሲሰጠው፣ እርማት በአገር ውስጥ ማን እንደሚጭንለት በጽሑፍ እንዲያቀርብ ሊገደድ ይገባል። የሚጭነውን ባለሙያ ለማሠልጠን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ተቋቁሞ ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው የከተማው ፖሊቴክኒክ ከማንም ይቀርባል።