አቭዳት፦ በጥንት እርሻ ፍርስራሽ ላይ የተተከለ የምርምር ጣቢያ

በደቡብ እስራኤል በኔጌቭ በረሃ አቭዳት የምትባል ጥንታዊት የናባታውያን ከተማ ነበረች። በአካባቢዋ ባሉት ሸለቆዎች ውስጥ ገበሬ ጥሏቸው ከሄደ ከሺህ ዓመት በላይ የሆናቸው የእርከን ካቦችና የውኃ ቦዮች ይታያሉ። የዕፅዋት ተመራማሪው ሚካኤል ኤቨናሪ፣ የውኃ መሐንዲሱ ሌስሊ ሻናንና የግጦሽ መሬት ባለሙያው ናፍታሊ ታድሞር እ.ኤ.አ. በ1959 የምርምር እርሻ የመሠረቱት በዚህ ባድማ ላይ ነው።

አዲስ ንድፍ ከማውጣት ይልቅ አሮጌውን እየለኩ አጠኑት። በዓመት 100 ሚሊ ሜትር እንኳ በቅጡ በማይዘንብበት ምድር፣ ያለ ወንዝ እንዴት ታረሰ? ምስጢሩ አፈሩ ነው። ነፋስ ያመጣው የኔጌቭ ደቃቅ አፈር ዝናብ ሲያርፍበት ፊቱ ቶሎ ይደፈናል፤ ውኃው መስረግ ሲያቅተው ቁልቁል ይወርዳል። የጥንቶቹ ገበሬዎች ይህን አውቀው፣ ለአንድ ሄክታር ማሳ ከ20 እስከ 30 ሄክታር የሚደርስ ኮረብታ ለውኃ መሰብሰቢያ ይተዉ ነበር። በዳገቱ ላይ የተሰመሩት ቦዮች ጎርፉን ተቀብለው ወደ ማሳው ይመሩታል። ውኃው በካብ በታጠረው እርከን ላይ ይተኛል፤ አፈሩ ከጠገበ በኋላ የተረፈው በካቡ ላይ በተሠራው ማፍሰሻ በኩል ወደ ታችኛው እርከን ይወርዳል።

ተመራማሪዎቹ ቦዩን ጠርገው፣ የፈረሰውን ካብ መልሰው ገንብተው ኮክ፣ አፕሪኮት፣ አልሞንድ፣ ፒስታቺዮ፣ ስንዴና ገብስ ዘሩ፣ ተከሉ። የዝናቡንም የጎርፉንም መጠን መዘገቡ። ከኮረብታው የሚወርደው ከዝናቡ ጥቂቱ ቢሆንም፣ ከሰፊ ቦታ ተሰብስቦ ማሳው ላይ ሲደርስ ከ300 እስከ 500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ያህል ይሆናል።

ልኬቱ ጥንታውያኑ ካወረሱት በላይ አዲስ እውቀትም አስገኘ። ትንሽ ቁራጭ ዳገት፣ ሄክታር በሄክታር ሲነጻጸር፣ ከሰፊው ዳገት የበለጠ ውኃ ይሰጣል፤ ረጅም መንገድ የሚሄድ ውኃ ማሳው ሳይደርስ በየመንገዱ ይሰርጋልና። ከዚህ በመነሣት ለእያንዳንዱ ዛፍ የራሱን አነስተኛ የውኃ መሰብሰቢያ መደብ የማበጀት ዘዴ ተሞከረ፤ ዘዴው በሌሎች ደረቅ አገሮችም ሥራ ላይ ውሏል።

በተተወ የገጠር መሬት ላይ የግብርና ምርምር ማዕከል ለመገንባት የምታቅዱ ባለሙያዎች ሆይ፣ ዶዘር ከማስገባታችሁ በፊት የቆየውን ካብና ቦይ ለኩ፤ የአገሬውን ሽማግሌዎችም ጠይቁ። አንዴ የተደረመሰ እርከን ያስተምር የነበረውን ማንም ቤተ ሙከራ አይመልሰውም።