ብርሃን ትልም ሲያቋርጥ

ከደቡብ ወሎ፣ ከደላንታ ወገል ጤና የሚወጣውን ኦፓል እጃችሁ ላይ አድርጋችሁ አገላብጡት። አረንጓዴ ይበራል፤ ትንሽ ስታዘነብሉት ቀይ ብልጭ ይላል። ድንጋዩ ውስጥ ግን አረንጓዴም ቀይም ማቅለሚያ የለም። ያሉት በሥርዓት የተደረደሩ ደቃቅ የሲሊካ እንክብሎች ናቸው። በመካከላቸው ያለው ርቀት ከብርሃን የሞገድ ርዝመት ጋር ስለሚቀራረብ አንዱን ቀለም መልሰው ሌላውን ያሳልፋሉ። አሁን ድንጋዩን ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ክተቱት። የወገል ጤና ኦፓል ውሃ ይመጥጣል፤ ቀስ በቀስ እየጠራ ይሄዳል፣ ብዙ ጊዜም ቀለሙ ይደበዝዛል። ሲደርቅ መልኩ ይመለስለታል። በእንክብሎቹ መካከል የነበረውን አየር ውሃ ሲተካው፣ ብርሃኑ በእንክብሎቹና በክፍተቱ መካከል የሚያገኘው ልዩነት ስለጠበበ ነው።

እንዲህ ያለውን በሥርዓት የተደረደረ ነገር የፊዚክስ ሊቃውንት ፎቶኒክ ክሪስታል ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1987 ኤሊ ያብሎኖቪች እና ሳጂቭ ጆን ለየብቻቸው ባሳተሟቸው ጽሑፎች ነው መስኩ መልክ የያዘው። በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የብራያን ከኒንግሃምን ቡድን የመሳሰሉ ተመራማሪዎች ደግሞ ሐሳቡን ወደ ሕክምና ምርመራ አመጡት።

መመርመሪያው ሲታይ ተራ መስታወት ይመስላል። ገጹ ግን እንደ እርሻ የታረሰ ነው፤ በአንድ የጸጉር ዘለላ ስፋት ላይ ከመቶ በላይ ትልሞች ይገባሉ። ነጭ ብርሃን ሲያርፍበት ገጹ አንድ ጠባብ ቀለም ብቻ መርጦ አጥብቆ ይመልሳል። ፕሮቲን ወይም ባክቴሪያ ሲጣበቅበት፣ የውሃውን ቦታ ሌላ ነገር ያዘውና የሚመለሰው ቀለም በጥቂቱ ይሸሻል። ማቅለሚያ አያስፈልግም፤ የቀለሙን ሽሽት መለካት ይበቃል። ካሜራ ሲጨመርበት እያንዳንዷ ነጥብ የራሷን ቀለም ትናገራለች፤ ምን ያህል እንደተጣበቀ ብቻ ሳይሆን የት እንደተጣበቀም የሚያሳይ ካርታ ይወጣል።

ችግሩ የሚመጣው ካርታው ምን ያህል ጥርት ይበል ሲባል ነው። ተራ ማይክሮስኮፕ ኤርንስት አቤ እ.ኤ.አ. በ1873 ያሰመረው ወሰን አለው፤ ከሞገዱ ርዝመት ግማሽ ገደማ በታች የተቀራረቡ ሁለት ነጥቦችን አይለይም። ለሚታይ ብርሃን ይህ ወደ 200 ናኖሜትር ነው። የታረሰው መስታወት ግን እዚያ ድረስ እንኳ አይደርስም፤ የመለየት አቅሙ (ሬዞሉሽኑ) አብዛኛውን ጊዜ በማይክሮሜትሮች ይቆጠራል። ጥፋቱ የሌንሱ አይደለም። ብርሃኑ እንዳረፈ አይመለስም፤ ወደ ገጹ ገብቶ ወደ ጎን እየሄደ ይቆያል፣ ከዚያ ነው የሚወጣው። ሲወጣም ያለፈበትን ሰፈር ሁሉ ወሬ ቀላቅሎ ይዞ ነው።

ደወልን አስቡ። ድምፁ ረጅም የሚቆይ ደወል ዜማው ጥርት ያለ ነው፤ ጉቶ ሲመታ ግን ድም ብሎ ይቀራል፣ ዜማውንም መለየት ያስቸግራል። ብርሃንም እንዲሁ ነው፤ ገጹ ውስጥ በቆየ ቁጥር ቀለሙ ይጠብባል፣ ትንሿ ሽሽትም ትታያለች። ለምሳሌ 850 ናኖሜትር ላይ የሚመለሰው ቀለም ስፋቱ ከ1 ናኖሜትር ጥቂት ያነሰ ቢሆን፣ ብርሃኑ ውስጥ የሚቆየው ግማሽ ፒኮሰከንድ ያህል ነው። ለእኛ ምንም ነው። ባዶ ሕዋ ላይ ቢሆን ግን ብርሃን በዚህ ጊዜ ከ100 ማይክሮሜትር በላይ ይጓዛል፤ የሰው ሕዋስ ደግሞ በአብዛኛው ከ10 እስከ 20 ማይክሮሜትር ነው። ደግነቱ ትልሞቹ ወዲያና ወዲህ ስለሚያንገላቱት ያን ያህል አይርቅም። መፍትሔውም እዚሁ ላይ ነው። ትልሙ የተሠራበት ነገር ከውሃው በጣም ሲለይ እያንዳንዱ ትልም ብርሃኑን አጥብቆ ይመልሰዋል፤ ብርሃኑም በጥቂት ትልሞች መካከል ታጥሮ ይቀራል። ብርሃንን የማዘግየት አቅም በቁጥር ሲገለጽ የውሃው 1.33፣ የመስታወት 1.5 ገደማ፣ የታይታኒየም ኦክሳይድ 2.4 ገደማ ነው። እንግሊዝ አገር በዮርክ ዩኒቨርሲቲ የቶማስ ክራውስ ቡድን ይህን የልዩነትና የጥራት ዝምድና በቅርበት መርምሮታል። ለእኔ ከመስኩ ሁሉ ውብ ሆኖ የሚታየኝ ይህ ነው፤ በውሃ ሲጠብ ኦፓሉን ያደበዘዘው ልዩነት እዚህ የምስሉን ጥራት ይወስናል።

አንድ ነገር ግን መምታታት የለበትም። መለየት አለመቻል ማየት አለመቻል አይደለም። ኮከብ ከምድር ሲታይ ዓይናችን ከሚለየው ስፋት እጅግ ያንሳል፤ ግን ይታየናል። የኢሊኖይ ቡድንም ከሬዞሉሽኑ በብዙ እጥፍ የሚያንሱ የወርቅ ቅንጣቶችን አንድ በአንድ አይቷል። የማይታየው ሁለት ቅንጣት ተጠጋግተው ሲቀመጡ ሁለት መሆናቸው ነው።

ሌላም ነገር አለ። እርሻ ላይ ውሃ ትልሙን ተከትሎ ይፈሳል፤ እዚህ ብርሃኑ የሚሄደው ትልሙን እያቋረጠ ነው። ስለዚህ ምስሉ በትልሙ አቅጣጫ ጥርት ብሎ፣ በአቋራጩ ይደበዝዛል፤ ክብ ሕዋስ ሞላላ መስሎ ሊወጣ ይችላል። ሕዋሱ በእርግጥ ተለጥጦ እንደሆነ ለማወቅ መስታወቱን 90 ዲግሪ አዙሮ፣ ሕዋሱን ግን በነበረበት አቅጣጫ አስቀምጦ እንደገና ማንሳት ነው። ሞላላነቱ ትልሙን ተከትሎ ከዞረ ያየነው የብርሃኑን ጉዞ ነው፤ ባለበት ከቀረ የሕዋሱ የራሱ ቅርጽ ነው።