ዳንቴል ከሶፋው ወርዶ ሲለበስ

በአራዳ ሰፈሮች ያደገ ሰው ዳንቴልን ሳያውቅ አላደገም። ከሰባ ደረጃ እስከ ሠራተኛ ሰፈር፣ ከገዳም ሰፈር እስከ እሪ በከንቱ፣ ሬዲዮው ዳንቴል ለብሶ፣ የሶፋው መደገፊያ ዳንቴል ለብሶ፣ በኋላም ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሶ እንግዳ ይቀበል ነበር። ይህ ሁሉ የወጣው ጫፏ ቆልመም ካለች አንዲት ኪሮሽና ከአንድ ጥቅል ነጭ ክር ነው። ያን ሁሉ ትዕግሥት ግን የቤት ዕቃው ወሰደው፤ ለገላ የተረፈው የሕፃን ኮፍያና ካልሲ፣ ሲበዛም የትከሻ ልብስ ነው። እኔ ኪሮሽ ከሁሉ በላይ የሚያምረው በሰው ገላ ላይ፣ ያውም ከማታ ቀሚስ ሥር ነው ባይ ነኝ። ስለ ስቶኪንግና ስለ ውስጥ ልብስ ልጽፍ የተነሣሁትም ለዚህ ነው።

አምሮ ተለብሶ ማታ መውጣት ለአራዳዋ ፒያሳ እንግዳ አይደለም። እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ከድሮ ጀምሮ እዚያው አለ። የሀገር ፍቅር ቴአትር በ1927 ዓ.ም. ተመሠረተ። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የአራዳን ትልቅ ገበያ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ ሲያዛውሩት፣ ፒያሳ የሱቅ፣ የካፌና የሲኒማ ሰፈርነቱ ጎላ። የ1950ዎቹንና የ60ዎቹን ፎቶግራፎች ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ወንዱ ሱፉን ተኩሶ፣ ሴቷ ጉልበቷ ላይ የሚያልቅ ቀሚስ፣ ሹል ተረከዝ ጫማና ስቶኪንግ አድርጋ ነው የምትታየው።

ያ ስቶኪንግ የፋብሪካ ናይለን ነው። ዱፖን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ናይለንን ለሕዝብ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1938 ሲሆን፣ ስቶኪንጉ በመላ አሜሪካ መሸጥ የጀመረው በግንቦት ወር 1940 ነው። ወዲያው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ናይለኑን ለፓራሹት ወሰደው። ያኔ በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ ሴቶች ስቶኪንግ ያደረጉ እንዲመስሉ ከባታቸው ጀርባ ቀጥ ያለ መስመር በእርሳስ ይሥሉ ነበር። መስመሩ የመጣው ከአሠራሩ ነው፤ ስቶኪንጉ ጠፍጣፋ ሆኖ፣ በእግር ቅርጽ እየጠበበ ይሠራና ከኋላ ይሰፋል። ዛሬም የድሮውን መልክ የምትፈልግ ሴት መጀመሪያ የምትጠይቀው ያንኑ የኋላ መስመር ነው።

ናይለን ስቶኪንግ ያደረገች ሁሉ የምታውቀው ችግር አለ፤ አንድ ቦታ ክሩ ከተበጠሰ እስከ ታች ይተረተራል። ምክንያቱም አሠራሩ የሹራብ ነው። ቀለበቶቹ አንዱ በሌላው ላይ ተንጠልጥለው ስለሚወርዱ አንዱ ሲለቅ ጎረቤቱም ይለቃል። በኪሮሽ ግን መርፌዋ ላይ በአብዛኛው የሚቀረው አንድ ቀለበት ብቻ ነው። ክሩን ጠምጥመሽ በዚያ ቀለበት ውስጥ ስታሳልፊው አንዱ ዓይን ይዘጋል፤ ሌላው የሚጀመረው እሱ ከተዘጋ በኋላ ነው። ስለዚህ ሚስማር ቢይዘው እንኳ ቀዳዳው እዚያው አካባቢ ይቀራል። ጠላቱ ሳይቋጠር የተተወ የመጨረሻ ጫፍ ነው፤ እሱ ከተሳበ የወር ሥራ በአንድ ጊዜ ተተርትሮ ክር ይሆናል። እንግሊዛዊው ዊሊያም ሊ እ.ኤ.አ. በ1589 የሹራብ መኪና የፈለሰፈው ለዚሁ ለስቶኪንግ ነበር። ኪሮሽ ግን እስከ ዛሬ የእጅ ሥራ ነው፤ ከፋብሪካ ኪሮሽ መስሎ የሚመጣው በሌላ መንገድ የተሠራ የመኪና ዳንቴል ነው። ዋጋው የሚከበርበት አንዱ ምክንያት ይህ መሆን አለበት።

ኪሮሽ እንደ ሹራብ አይለጠጥም። ስቶኪንግ ጥቅጥቅ ተደርጎ ከተሠራ ጉልበት ላይ ይቋጠራል፣ ተረከዝም አያሳልፍም። መፍትሔው መረብ ነው። አምስት ሰንሰለት ትሠሪና ከታችኛው ዙር ቅስት መሀል ላይ ትቆልፊዋለሽ፤ እንደገና አምስት፣ እንደገና መቆለፍ። ዙሩ ሲደጋገም ቀዳዳዎቹ ሰያፍ ካሬ እየሆኑ ይወርዳሉ። ሰያፍ በመሆናቸው እግሩ ሲገባ ወደ ጎን ይከፈታሉ፣ ሲወጣ ይሰበሰባሉ።

ሥራው ከጭን ጀምሮ በክብ ወደ ታች ይወርዳል። ከዚያ በፊት ግን የጭኑ፣ የጉልበቱ፣ የባቱና የቁርጭምጭሚቱ ዙሪያ በሜትር ተለክቶ ወረቀት ላይ ይጻፋል፤ ሰፋ ያለው ባት ካለፈ በኋላ ማጥበቡ ካልተጀመረ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ይጨማደዳል። ማጥበቢያው ቀላሉ ዘዴ ቅስቱን ማሳነስ ነው፤ አምስት የነበረው ሰንሰለት ወደ አራት፣ ከዚያም ወደ ሦስት ይወርዳል። የኋላው መስመር የሚወጣው በየዙሩ በአንድ ቦታ ሦስት ጥቅጥቅ ያሉ ዓይኖች በመደራረብ ነው። ተጨማሪ መቀነስ ካስፈለገም በዚሁ መስመር ግራና ቀኝ ይደረጋል፤ ሰው ስለማያስተውለው ሥራው ንጹሕ ሆኖ ይታያል። መርገጫው ግን መረብ መሆን የለበትም፤ ቋጠሮው እግር ይቆረቁራል። ተረከዙና መርገጫው ጠበቅ ባለ ሥራ ይዘጋል። ከላይ ጭኑ ላይ ላስቲክ ወይም ሪባን ይገባበታል።

በአውሮፓም ቢሆን ስቶኪንግ በአብዛኛው የሹራብ ሥራ ነበር። ኪሮሽ የነገሠው በውስጥ ልብስ ጠርዝ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ አየርላንድ በድንች በሽታ ሳቢያ ስትራብ፣ ብዙ ቤተሰቦች ነፍሳቸውን ያቆዩት ሴቶች በኪሮሽ የሠሩትን አበባና ቅጠል የበዛበት ዳንቴል እየሸጡ ነው። የሀብታም ሴቶች ልብስ ያሸበረቀው በእነዚያ የተራቡ እጆች ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ የሌሊት ልብስና የውስጥ ቀሚስ ደረት በኪሮሽ፣ ቀሪው ደግሞ በስስ ጨርቅ ይሠራ ነበር።

እኔም የምመክረው ይህንን አከፋፈል ነው። ገላውን ሳቲን ወይም ስስ ጥጥ ይሸፍን፤ ልብስ ሰፊ ይስፋው። ደረቱ፣ ማንገቻውና የታችኛው ጠርዝ የኪሮሽ ይሁን። ጡት መያዣ ሙሉ በሙሉ በኪሮሽ መሥራት ይቻላል፤ ሁለት ሦስት ማዕዘን ሆኖ ከታች ይያያዛል፤ ለስላሳ ገበር ከሌለው ግን ቆዳ ይፈገፍጋል፣ ቅርጹንም አይጠብቅም። ለጠርዙ ንድፍ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በካሬ የሚሠራው ዳንቴል ሁሉ በሙሉና በባዶ ካሬ ቆጠራ ነው የሚወጣው፤ የሐበሻ ቀሚስ ጥበብ መስቀልም በካሬ ወረቀት ላይ ከተነደፈ በቀጥታ ወደ ኪሮሽ ይዞራል። ከማታ ቀሚስ ጠርዝ ሥር እንዲህ ያለ መስቀል ብልጭ ሲል ከየትኛውም የውጭ ዳንቴል ይልቅ የኛ መሆኑ ይታያል።

ሙያው በከተማችን ሥር አለው። በ1924 ዓ.ም. የተከፈተው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ለሴት ልጆች ከቀለም ትምህርት ጋር የእጅ ሥራም ያስተምር ነበር። ከዚያ ወዲህ ከጎረቤት ለጎረቤት፣ ከእናት ለልጅ እየተላለፈ ነው እዚህ የደረሰው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ነባር ሰፈሮች፣ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ፣ ሲፈርሱ ግን ጎረቤት ከጎረቤት ተለያየ። ደጃፍ ላይ በርጩማ አውጥተው አብረው ኪሮሽ የሚሠሩ እናቶች በየኮንዶሚኒየሙ ተበታትነዋል። የሚያውቁ እጆች ገና በሕይወት እያሉ ከእነሱ ብንማር ይሻላል።

የክር ምርጫ ሥራውን ያበላሻል ወይም ያሳምራል። የክር ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ክሩ ይቀጥናል፤ ለጠረጴዛ ልብስ 10 ቁጥር ይበቃል፣ ለስቶኪንግና ለውስጥ ልብስ ግን 30 ወይም 40 ይሻላል። የሚያብረቀርቀው የጥጥ ክር ብርሃኑን ያገኘው እንደ ተወጠረ በኮስቲክ ሶዳ ውስጥ ስላለፈ ነው፤ ከተራው ይልቅ ጠንካራ ነው፣ ቀለምም ይይዛል። ሱፍ ለዚህ አይሆንም።

አጠባበቡም ከሳሎኑ ዳንቴል ይለያል። የጠረጴዛው ስኳር በተበጠበጠበት ውሃ ወይም በስታርች ይደርቃል፤ ገላ ላይ የሚውለው ግን ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ፣ ሳይጨመቅ በፎጣ ተጠቅልሎ፣ ጥላ ውስጥ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ይሰጣል። ገመድ ላይ ከተሰቀለ በገዛ ክብደቱ ይረዝማል። ለጀማሪ ደግሞ ከስቶኪንግ መጀመር አያስፈልግም። በውስጥ ቀሚስ ጠርዝ ትጀምር፤ አራት ጣት ስፋት ያለው፣ ቀጥ ብሎ የሚሄድ፣ ልክ የማይጠይቅ ሥራ ነው፤ ዓይኖቿ እኩል መውጣት የሚጀምሩትም እዚያው ላይ ነው።