ያውቁ ኖሯል? ስክሪኑ ሲሞላ ምስሉ ይጎድላል

ቪዲዮ ከፍተው ስልክዎን ሲያጋድሙ ግራና ቀኝ የሚቀረው ጥቁር ቦታ የስልኩ ብልሽት አይደለም። አብዛኛው የቴሌቪዥንና የዩቲዩብ ሥራ የሚዘጋጀው ወርዱ 16፣ ቁመቱ 9 ሆኖ ነው። የብዙዎቹ አዳዲስ ስልኮች ስክሪን ደግሞ 20 በ9 አካባቢ ስለሆነ ጎንና ጎኑ ይተርፋል።

ያን ቦታ ለመሸፈን ምስሉን በሁለት ጣት ሲለጥጡት፣ በ20 በ9 ስልክ ላይ አንድ አምስተኛው እንደሚቆረጥ ያውቁ ኖሯል? 10 በመቶው ከላይ፣ 10 በመቶው ከታች ይሄዳል። የተናጋሪው ግንባር፣ ከግርጌ የተጻፈው የዜና ርዕስ ወይም ትርጉም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። የካሜራ ባለሙያው አስቦበት ያስቀመጠውን ከማጣት ጥቁሩን ቦታ መተው ይሻላል። በኦሌድ ስክሪን ላይ እንደሆነ ጥቁሩ ክፍል መብራቱ ስለሚጠፋ ባትሪም አይበላም።

16 በ9 ከየት መጣ? በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከርንስ ፓወርስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በሥራ ላይ የነበሩትን የፊልምና የቴሌቪዥን ቅርጾች ስፋታቸው እኩል በሆነ አራት ማዕዘኖች ቆርጦ መሐል ለመሐል አነባበራቸው። ሁሉንም የሚያቅፈው የውጭ ክፈፍና ሁሉም የሚጋሩት የውስጥ ክፈፍ ምጥጥናቸው አንድ ሆኖ ተገኘ፤ 1.77 ገደማ። 16ን ለ9 ቢያካፍሉ እዚያው ይደርሳሉ። የትኛውም ቅርጽ ብዙ ሳይጎዳ የሚታይበት መካከለኛ ቦታ ይኸው ነበር፤ ድንቅ ሥራ ነው።

ከዚያ በፊት ቴሌቪዥን 4 በ3 ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምርም ቅርጹ ይኸው ነው። የዚያን ዘመን ቅርጽ የያዙ የቆዩ ድራማዎችን አንዳንዶች 16 በ9 እንዲሞሉ ወደ ጎን ለጥጠው ይጭኗቸዋል። የተዋናዮቹ ፊት በአንድ ሦስተኛ ይሰፋል! እባካችሁ፣ የጫናችሁ ሁሉ፣ እንደነበሩ ተዉልን።

የመጀመሪያው አይፎን (2007 እ.ኤ.አ.) 3 በ2 ነበር። ስልኮች በብዛት መርዘም የጀመሩት በ2017 እነ ሳምሰንግ ኤስ8 ከወጡ ወዲህ ነው።

ስልክዎን ሳያጋድሙ 16 በ9 ቪዲዮ ቢያዩ ከስክሪኑ የሚይዘው ሩቡን ያህል ብቻ ነው። ለቲክቶክ የሚቀረጸው 9 በ16 እንኳ 20 በ9 ስልክን ጠቅላላ አይሞላም።

ሰርግ የሚቀርጹ ከሆነና ቤተሰብ ተሰብስቦ በቲቪ የሚያየው ከሆነ ስልኩን አጋድመው ይያዙት፤ በቁም የተቀረጸ 9 በ16 ቪዲዮ የሳሎኑን ቲቪ ሲሶ እንኳ አይሞላም።